የኦቨርቶን ድምፅ በኢትዮጵያ ሙዚቃ

ኦቨርቶን ማለት አንድ አውታር፣ አንድ ዋሽንት ወይም የሰው ጉሮሮ ድምፅ ሲያወጣ ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡ ቀጫጭን ድምፆች መጠሪያ ነው። የሰው ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ድምፆች ለይቶ አይሰማቸውም። ከዋናው ድምፅ ጋር ተዋሕደው የድምፁን መልክ ይሰጡታል፤ ክራርንና ማሲንቆን በአንድ ቅኝት ሲጫወቱ እንኳ ለይተን የምናውቃቸው በዚህ ምክንያት ነው። በአንዳንድ የዓለም ክፍሎች ዘፋኞች እነዚህን ቀጫጭን ድምፆች ከጉሮሯቸው እየለዩ በማጉላት አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ የሚያሰማበትን ስልት አዳብረዋል። ይህ ስልት የኦቨርቶን ዜማ ወይም የጉሮሮ ዜማ ይባላል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው የአዘፋፈን ስልት የተለመደ አይደለም። ኦቨርቶንን ሆን ብሎ አጉልቶ ማሰማት ግን በአገሪቱ ሙዚቃ ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። ልዩነቱ በሌላው ዓለም ጉሮሮ የሚሠራውን ሥራ በኢትዮጵያ መሣሪያው መሥራቱ ነው። የበገና እንዚራ፣ ቀዳዳ የሌለው እምቢልታና የእረኛው ዋሽንት ለዚህ ዋና ዋና ምሳሌዎች ናቸው።

ምንነቱ

አንድ አውታር ሲመታ በሙሉ ርዝመቱ ይርገበገባል። በዚያው ቅጽበት ደግሞ በግማሹ፣ በሢሶው፣ በሩቡና ከዚያም ባነሱ ክፍልፋዮች ይርገበገባል። ሙሉ ርዝመቱ የሚሰጠው ንዝረት መሠረታዊ ድምፅ ሲባል፣ ክፍልፋዮቹ የሚሰጧቸው ኦቨርቶኖች ናቸው። የኦቨርቶኖቹ ድግግሞሽ የመሠረታዊው ድምፅ ሙሉ ብዜት ነው። መሠረታዊው ድምፅ በሰከንድ 150 ጊዜ የሚርገበገብ (150 ኸርዝ) ከሆነ፣ ከእርሱ በላይ ያሉት 300፣ 450፣ 600፣ 750 ኸርዝ እያሉ ይቀጥላሉ። መሠረታዊውን አንደኛ ብሎ በመቁጠር ተከታዮቹ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ሃርሞኒክ እየተባሉ ይጠራሉ።

ሁለተኛው ሃርሞኒክ ከመሠረታዊው አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ሦስተኛው ከኦክታቩ በላይ አምስተኛውን ኖታ ይሰጣል። አራተኛው ሁለተኛ ኦክታቭ ነው። ወደ ላይ በተሄደ ቁጥር ሃርሞኒኮቹ እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ ከስድስተኛው ጀምሮ ዜማ ለመሥራት የሚበቃ ቅርበት ይኖራቸዋል። የኦቨርቶን ዘፋኞች ዜማቸውን የሚያወጡት በአብዛኛው ከዚህ ክፍል ነው።

በሰው ድምፅ ውስጥ

የሰው ድምፅ መነሻው በጉሮሮ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ንዝረት ሲሆን ይህ ንዝረት በኦቨርቶን የበለጸገ ነው። አፍ፣ ምላስና ከንፈር ደግሞ እንደ ማጣሪያ ያገለግላሉ፤ አንዳንዱን ኦቨርቶን ያጎላሉ፣ ሌላውን ያደክማሉ። የሚጎሉት የድግግሞሽ አካባቢዎች ፎርማንት ይባላሉ።

ይህን ለመረዳት የአማርኛ ፊደል ጥሩ መማሪያ ነው። አንድ ሰው የድምፁን ከፍታ ሳይቀይር «ኡ» ብሎ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ «ኢ» ቢሄድ፣ የጉሮሮው ድምፅ ባለበት ሳለ ከላይ አንድ ነገር ወደ ላይ እየወጣ እንደሆነ ያስተውላል። የሚንቀሳቀሰው ሁለተኛው ፎርማንት ነው። በአዋቂ ወንድ ድምፅ ላይ «ኡ» ሲባል 800 ኸርዝ አካባቢ የነበረው ፎርማንት «ኢ» ሲባል ከ2000 ኸርዝ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ካዕቡንና ሣልሱን የሚለያቸው ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ ሳይሆን አፍ ከዚያ ድምፅ የሚመርጠው ኦቨርቶን ነው። አማርኛ የሚናገር ሁሉ በየቃሉ ኦቨርቶን ይመርጣል ማለት ይቻላል። የኦቨርቶን ዘፋኝ የሚያደርገው ይህንኑ ምርጫ እጅግ ማጥበብ ነው፤ ምላሱን ወደ ላንቃው ከፍ አድርጎ ሁለት ፎርማንቶችን በማጋጠም አንድን ኦቨርቶን ብቻ እንደ ፉጨት ጎልቶ እንዲሰማ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ በቱቫ ዘፋኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎርማንት ከ1000 እስከ 2000 ኸርዝ ባለው አካባቢ እንደሚዋሐዱ አሳይቷል።

በዓለም ዙሪያ

በጣም የታወቀው የኦቨርቶን ዜማ የመካከለኛው እስያ ነው። በሩሲያ ፌዴሬሽን ውስጥ በምትገኘው በቱቫና በጎረቤቷ ሞንጎሊያ ስልቱ ሖሜይ ይባላል። የቱቫ ዘፋኞች ሖሜይ፣ ሲጊት እና ካርጊራ የሚሏቸው ዋና ዋና ስልቶች አሏቸው። ሲጊት እንደ ፉጨት የጠራ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ካርጊራ ደግሞ እጅግ የወፈረ ነው፤ ከድምፅ አውታሮቹ በላይ ያሉት እጥፋቶች በግማሽ ፍጥነት አብረው ስለሚርገበገቡ ከተለመደው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ድምፅ ይወጣል። ስልቱ የከብት አርቢዎች ሲሆን የነፋስን፣ የወንዝንና የእንስሳትን ድምፅ ከመምሰል ጋር ይያያዛል። የሞንጎሊያ ሖሜይ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

በአፍሪካ የሚታወቀው ምሳሌ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ ኬፕ የሚኖሩ የኮሳ ሴቶች የሚያዜሙት ኡምንጎኮሎ ነው። ይህ ስልት በአፍ ከሚያዝ የቀስት መሣሪያ አጨዋወት ጋር የተዛመደ ነው፤ በመሣሪያው ላይ አፍ የሚያጎላውን ኦቨርቶን ሴቶቹ በጉሯሯቸው ያወጡታል። በቲቤት የጊዩቶ ገዳም መነኮሳት በጣም በወፈረ ድምፅ በሚያሰሙት ጸሎታቸው ውስጥ ኦቨርቶን በግልጽ ይሰማል። በጣሊያን ሰርዲኒያ ደሴት አራት ወንዶች በኅብረት የሚያዜሙት ካንቱ አ ቴኖሬ የወፈረውን ድምፅ ከካርጊራ ጋር በሚቀራረብ መንገድ ያወጣል። የካናዳ ኢኑዊት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው የሚጫወቱት ካታጃክ የጉሮሮ ዜማ ቢባልም ከኦቨርቶን ይልቅ በትንፋሽና በምት ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ነው። ስለዚህ «የጉሮሮ ዜማ» የሚለው ስም የተለያዩ ስልቶችን አንድ ላይ እንደሚሰበስብ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ያለው መቀራረብ

የቱቫ ዘፋኞች ካሉት ሃርሞኒኮች ሁሉ አይጠቀሙም። በብዛት የሚመርጧቸው ስድስተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው፣ ዐሥረኛው፣ ዐሥራ ሁለተኛውና አልፎ አልፎ ዐሥራ ሦስተኛው ናቸው። ሰባተኛውንና ዐሥራ አንደኛውን ይዘልሏቸዋል። መሠረታዊው ድምፅ 150 ኸርዝ ቢሆን ስድስተኛው 900፣ ስምንተኛው 1200፣ ዘጠነኛው 1350፣ ዐሥረኛው 1500፣ ዐሥራ ሁለተኛው 1800 ኸርዝ ይሆናሉ። በኖታ ሲጻፍ ሶል፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ማለት ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛው ሲጨመር ላ የሚጠጋ ድምፅ ይገኛል።

ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ነው። በኢትዮጵያ የትዝታ ሜጀር ቅኝት የሚባለውም እነዚህኑ አምስት ድምፆች ይይዛል። የኢትዮጵያ አድማጭ የሖሜይን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ የሚያውቀው ነገር ያለበት የሚመስለው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። መቀራረቡ ግን የዝምድና ማስረጃ አይደለም። አምስት ድምፅ ያላቸው ስኬሎች በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ለየብቻቸው ይገኛሉ። ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች መካከል አንቺ ሆዬን የመሰሉት ከሃርሞኒኮች ቅደም ተከተል የራቁ ክፍተቶች አሏቸው።

በገና እና እንዚራ

በገና ዐሥር አውታር ያለው ትልቅ የክር መሣሪያ ሲሆን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ የዳዊት በገና ተብሎ ይከበራል። በተለይ በዐቢይ ጾም ይደረደራል። ከታች በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከገበቴው የሚነሡ ሁለት ምሰሶዎች፣ ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያገናኝ ቀንበር፣ በቀንበሩ ላይ የአውታሮቹ መቃኛዎች አሉት። አውታሮቹ በልማድ ከበግ አንጀት ይሠራሉ። ደርዳሪው በግራ እጁ ጣቶች ወይም ድህንጻ በሚባል መግረፊያ ይመታቸዋል።

አውታሮቹ ገበቴው ላይ የሚያርፉበት ድልድይ በርኩማ ይባላል። በበርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ እንዚራ ናት። የበገናን ድምፅ በገና የምታደርገው እርሷ ናት። እንዚራ ከሌለች የበገና አውታር አጭርና ደብዛዛ ድምፅ ይሰጣል። እንዚራ በትክክለኛው ቦታዋ ስትሆን ግን እየተርገበገበ ያለው አውታር በየዙሩ ቆዳዋን ይነካታል። ይህ ንክኪ ንዝረቱን በተደጋጋሚ ስለሚቆራርጠው የድምፁ ኃይል ከመሠረታዊው ወደ ከፍተኛ ኦቨርቶኖች ይሻገራል። አድማጩ የሚሰማው እንደ ንብ የሚያነበንብ፣ ቶሎ የማይጠፋ ድምፅ ነው።

ስለዚህ በገና መቃኘት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መቃኛውን እያዞሩ የአውታሩን ከፍታ ማስተካከል ነው። ሁለተኛው እንዚራዋን በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ አውታሩ የሚያነበንብበትን ነጥብ መፈለግ ነው። ቆዳዋ ጥቂት ካለፈች አውታሩ ይታፈናል፤ ጥቂት ከራቀች ይደርቃል። ለጀማሪ ተማሪ ከባዱ ትምህርት ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የበገናን አኮስቲክ በስፋት ካጠኑት መካከል ቤልጅየማዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ስቴፋኒ ቫይሰር ይገኛሉ። ተመሳሳይ አሠራር በሌሎች አገሮችም አለ። በህንድ ታንፑራ ላይ በአውታሩና በድልድዩ መካከል ክር ይገባል፤ በዚምባብዌ ምቢራ ላይ ደግሞ የሚንቀጫቀጩ ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ወይም የጠርሙስ ክዳኖች ይታሰራሉ። በሁሉም ዘንድ ንዝንዙ የመሣሪያው ጉድለት ሳይሆን የተፈለገው ድምፅ ነው።

የበገና ደርዳሪ የራሱን ድምፅ ከፍ አድርጎ አይዘፍንም። ዝቅ ባለ፣ ወደ ንግግር በሚቀርብ ድምፅ ያዜማል። ይህ የኦቨርቶን ዜማ ባይሆንም ውጤቱ ይቀራረባል፤ የወፈረው የሰው ድምፅ ከታች ሲሄድ የእንዚራዎቹ ንዝንዝ ከላይ ይከበዋል። ብቻውን የተቀመጠ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ድምፅ የሚያሰማ ይመስላል።

እምቢልታ እና ዋሽንት

እምቢልታ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን በልማድ ከሸምበቆ፣ ኋላም ከብረት ቧንቧ ይሠራል። የጣት ቀዳዳ የለውም። ተጫዋቹ ድምፅ የሚቀይረው በትንፋሹ ጥንካሬ ብቻ ነው፤ ማለትም ከአንዱ ሃርሞኒክ ወደ ሌላው በመዝለል ነው። ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ 1 ሜትር ቧንቧ በስሌት 170 ኸርዝ ገደማ መሠረታዊ ድምፅ አለው፤ ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ 340፣ ከዚያ 510 ኸርዝ ይሰጣል። በመካከላቸው ያሉትን ድምፆች አንድ እምቢልታ ሊያወጣቸው አይችልም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ኅብረት ነው። እምቢልታ በልማድ በሦስት ሰው ይነፋል። የሦስቱ መሣሪያዎች ርዝመት ስለሚለያይ መሠረታዊ ድምፃቸውም ይለያያል። እያንዳንዱ ነፊ ያለውን ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ በተራው እያስገባ አንድ ዜማ ይገጣጠማል። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል። ቀድሞ እምቢልታ ከነጋሪትና ከመለከት ጋር የነገሥታትና የመኳንንት አጀብ ነበር፤ በሠርግና በበዓልም ይነፋል። በደቡብ ኢትዮጵያ የደራሼ ሕዝብ ፊላ የሚባለው የሸምበቆ ጨዋታም ዜማውን በብዙ ነፊዎች መካከል ያከፋፍላል።

ዋሽንት በአንጻሩ በልማድ አራት የጣት ቀዳዳዎች ስላሉት አንድ ሰው ብቻውን አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት ሊጫወትበት ይችላል። ኦቨርቶን እዚህም ሥራ አለው። ጣቶቹ ባሉበት ሆነው ትንፋሹ ሲጠነክር ቧንቧው ወደ ሁለተኛው ሃርሞኒክ ስለሚዘል ያው ዜማ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይወጣል። የዋሽንት ተጫዋች በለስላሳ ትንፋሽ ከታች ጀምሮ በድንገት ወደ ላይ ሲያስጮኸው የሚሰማው ይህ ዝላይ ነው።

በቆቦ እና በራያ ቆላ

ቆቦ በሰሜን ወሎ ዞን ከወልዲያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የራያ ሜዳ ማሽላና ጤፍ የሚመረትበት፣ ከብት የሚረባበት ቆላ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚነገሩበት፣ በምሥራቅ ከአፋር ጋር የሚዋሰን አካባቢ በመሆኑ የተለያዩ የአዘፋፈን ልማዶች ይገናኙበታል። ቆቦ ያለችበት ወሎ ለኢትዮጵያ ሙዚቃም ስም አውጥቷል፤ አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ።

የአካባቢው ትልቁ የድምፅ በዓል ሶለል ነው። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ይከበራል። ልጃገረዶች ከበሮ እየመቱ፣ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይዘፍናሉ፤ በየመሐሉ እልልታ ይቀልጣል።

እልልታ ከጉሮሮ ዜማ ጋር አንዳንዴ ይምታታል። ሁለቱም አፍን እንደ መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ አሠራራቸው ግን ይለያል። የኦቨርቶን ዘፋኝ ምላሱን በአንድ ቦታ አጽንቶ አንድ ኦቨርቶን ይመርጣል። በእልልታ ምላስ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ ከፍ ያለው ድምፅ በፍጥነት ይቆራረጣል። የእልልታ ኃይል ጆሮ በተለይ ንቁ በሆነበት ከፍተኛ የድግግሞሽ ክልል ስለሚያርፍ ከከበሮና ከብዙ ሰው ድምፅ መካከል እንኳ ነጥሮ ይሰማል። በሜዳማው ራያ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው መሰማቱ ለዚህ ነው።

የቱቫ እረኛና የራያ እረኛ የሚገናኙበት ነጥብ ሌላ ነው። ሁለቱም ከከብት ኋላ ሰፊ ሜዳ ላይ የሚውሉ ናቸው፤ ሁለቱም ለብቻቸው የሚሆን ሙዚቃ አላቸው። አንዱ ኦቨርቶኑን በጉሮሮው ያወጣል፤ ሌላው ሸምበቆ ቆርጦ በዋሽንት ያወጣል።

በቤተ ክርስቲያን ዜማ እና በዶርዜ

የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚከፈል ሲሆን ሁሉም አንድ የዜማ መስመር ተከትለው የሚያዜሙበት ነው። በዜማ መጻሕፍት ከቃላቱ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች ግን ዜማው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደሚሄድ ብቻ አያመለክቱም፤ የድምፁን አወጣጥም ይመራሉ። ደረት የሚባለው ምልክት፣ እንደ ስሙ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ከደረት እንዲወጣ ያዝዛል። ርክርክ ደግሞ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ እንዲወርድ ያደርጋል። ይህ የሚያሳየው በኢትዮጵያ የድምፅ መልክ ራሱ የትምህርት ጉዳይ ሆኖ መቆየቱን ነው።

በጋሞ ደጋ የሚኖሩ ዶርዜዎች በበርካታ ድምፅ በሚያዜሙት ኅብረ ዝማሬ ይታወቃሉ። ይህን ዝማሬ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያጠኑት ፈረንሳዊው በርናር ሎርታ ዣኮብ ኋላ በሰርዲኒያ ካስቴልሳርዶ ከተማ ሌላ አስደናቂ ነገር መርምረዋል። በዚያ በሰሙነ ሕማማት አራት ወንዶች ሲያዜሙ ኦቨርቶኖቻቸው በትክክል ሲገጥሙ ማንም ያላወጣው አምስተኛ፣ ቀጭን የሴት ድምፅ የመሰለ ይሰማል። ስሙ ኩዊንቲና ነው። የኦቨርቶን ዜማ የአንድ ሰው ችሎታ ብቻ ሳይሆን የኅብረትም ውጤት ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

በኮምፒውተር መመልከት

ኦቨርቶን በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይንም ሊታይ ይችላል። ስፔክትሮግራም የሚባለው ሥዕል ጊዜን በአግድም፣ ድግግሞሽን በቁመት ያስቀምጣል፤ ድምፁ የበረታበት ቦታ በርቶ ይታያል። እንደ ኦዳሲቲና ፕራት ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ከማንኛውም የድምፅ ፋይል ይህን ሥዕል ያወጣሉ። የበገና ድምፅ ሲከፈት በእኩል ርቀት የተደረደሩ ብዙ አግድም መስመሮች ይታያሉ። ከ«ኡ» ወደ «ኢ» የሚሄድ የሰው ድምፅ ሲከፈት መስመሮቹ ባሉበት ሆነው ብርሃኑ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወጣ ይታያል። ለተማሪዎች ልምምድ ስልክና አንድ ኮምፒውተር ይበቃሉ።

የትንሽ ስልክ ድምፅ ማጉያ በጣም ወፍራም ድምፆችን ማውጣት አይችልም። ሆኖም በስልክ በገና የሚሰማ ሰው የወፈረውን አውታር የሰማ ይመስለዋል። አእምሮ በደረሱት ኦቨርቶኖች መካከል ያለውን እኩል ርቀት ተመልክቶ የጎደለውን መሠረታዊ ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። እንዚራ ኦቨርቶኖቹን ስለምታበዛ በገና ለዚህ የተመቸ መሣሪያ ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

በገና በደርግ ዘመን ከመገናኛ ብዙኃን ርቆ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጥ የነበረው ትምህርትም ተቋርጦ ነበር። እዚያ ያስተምሩ የነበሩት ዓለሙ አጋ ከመምህራቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተቀበሉትን ጠብቀው ለቀጣዩ ትውልድ አስተላልፈዋል። ድርደራቸው ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት 11ኛ ቅጽ ላይ ይገኛል። ዛሬ በገናን የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎች በርካታ ሲሆኑ ከተማሪዎቹ መካከል ብዙ ሴቶች አሉ።

የእምቢልታ ችግር ሌላ ነው። ዋሽንት አንድ እረኛ ብቻውን ይማረዋል፤ እምቢልታ ግን ሦስት ሰው አብሮ ካልተማረው አይቀጥልም። ከሦስት ነፊዎች የአንዱ መቅረት የአንድን ተጫዋች ሥራ ብቻ ሳይሆን የሙሉውን ዜማ መቋረጥ ያመጣል።

በቀረጻ ረገድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጫጫታ የሚያጠፉ ፕሮግራሞች የእንዚራን ንዝንዝ እንደ ጉድለት ቆጥረው ሊያደክሙት ይችላሉ፤ ፋይሉ በጣም ሲጨመቅም ከፍተኛዎቹ ድግግሞሾች ቀድመው ይጠፋሉ። በዚህ መልክ የተቀመጠ በገና ዜማው ቢተርፍም ኦቨርቶኑ አይተርፍም። ስለዚህ የበገና፣ የእምቢልታና የሶለል ቀረጻ ለማስቀመጥ የሚፈልጉ ሰዎች ያልተጨመቀ ፋይል መጠቀማቸው፣ ከተቻለም ማይክሮፎኑን በገናው በሚደረደርበት ጊዜ ወደ በርኩማው ማስጠጋታቸው ይመከራል።